ጫልቱን ቻልቱ ያደረገች ጣት

እንጀራዬን የጀመርኩት ሚኤሶ ውስጥ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ በያዘች ጠባብ ክፍል ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ ይጻፋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ያስተናገድኳት ሴት ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን እንደያዘች ተመለሰች። መታወቂያዋ «ጫልቱ» ይላል፤ እኔ የጻፍኩላት «ቻልቱ» ነው። አስተካክዬ እስካትምላት ድረስ ጉዳይዋ ያለበት ቢሮ ተዘጋ። ከገጠር ቀበሌ የመጣችበት ቀን ባከነ፤ የመኪና ሒሳብም ሁለት ጊዜ ከፈለች። ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ጣት ሺፍትን ሳትጫን በመቅረቷ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍጥነቴን መቁጠር ትቼ ስህተቴን መቁጠር ያዝኩ። ይህንንም መመሪያ የምጽፈው ለሰው ለሚጽፉ ሁሉ ነው፤ ለቀበሌና ለወረዳ ጸሐፊዎች፣ ለትምህርት ቤት ሬከርድ ሠራተኞች፣ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ታይፕ ቤት ከፍተው ለሚተዳደሩ። የምለው ነገር አንድ ነው። እያንዳንዱን ስህተት የሠራች ጣት አለች። ጣቷን ካላወቋት ስህተቱ ነገም ይመለሳል፤ ካወቋት ግን ልማዷን ማስተው ይቻላል።

መጀመሪያ ራስዎን ይለኩ

ከጋዜጣ ወይም ከቆየ ደብዳቤ አንድ ገጽ ይምረጡ። እጅዎን በነጠላ ወይም በፎጣ ይሸፍኑና ባክስፔስን ሳይነኩ አምስት ደቂቃ ይጻፉ። ከዚያ አትመው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙት። ቀይ የበዛበትን ወረቀት አይጣሉት፤ ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት፤ ኋላ ይፈለጋል።

በመቶኛ ሲሰላ ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ገጽ 2,000 የቁልፍ ምት ቢፈጅ፣ 95 በመቶ ትክክል ጻፍኩ ማለት በዚያ ገጽ ላይ 100 ስህተት ተውኩ ማለት ነው። 98 በመቶ ቢሆን እንኳ 40 ስህተት ይቀራል። እኔ ከ99 በታች የሆነ እጅ የሰው ጉዳይ ለመጻፍ ገና አልደረሰም ብዬ አምናለሁ። 99 ላይ ያለውም 20 ስህተት አለበት፤ እሱን በእርማት ይይዙታል።

የድሮ ታይፒስቶች ይህን ስሌት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። ከኢንጂነር አያና ብሩ ሥራ ጀምሮ በመጣው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከ200 በላይ ፊደል በአንድ ገበታ ላይ ማስፈር ስለማይቻል፣ ፊደሉ ከግንዱና ከቅጥያው እየተገጣጠመ ነበር በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው። ከሥሩ ካርቦን አለ፤ ከካርቦኑ ሥር ሁለተኛ ቅጂ አለ። የተሳሳተች ጣት ሁሉንም ቅጂ ታበላሻለች። ስለዚህ መጀመሪያ አለመሳሳትን ተማሩ፤ ፍጥነቱ በኋላ መጣ። እኛ ግን ባክስፔስ ስላለን ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል።

ጣት ቤቱን ይወቅ

ቁልፎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እጠራቸዋለሁ። ኤፍ እና ጄ ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለች። የግራ አመልካች ጣት ኤፍ ላይ፣ የቀኝ አመልካች ጣት ጄ ላይ ያርፋሉ፤ ሌሎቹ ጣቶች በተራ ከጎናቸው ይቀመጣሉ፤ አውራ ጣቶች የስፔስ ናቸው። ጣት ሩቅ ቁልፍ መትታ ስታበቃ ወደዚህ ቤቷ ትመለሳለች።

ኪቦርድዎ የአማርኛ ፊደል ስቲከር ተለጥፎበት ከሆነ ስቲከሩ ጉብታዎቹን ይሸፍናቸዋል። ከኤፍ እና ከጄ ላይ ዛሬውኑ ይላጡት። የእኔን ፍርድ ከጠየቁኝ ሁሉንም ይላጡ፤ ስቲከር ዓይንን ወደ እጅ ይጠራል፤ ዓይን እጅ ላይ እስካለ ድረስ ጣት መንገዷን አትለምድም። ጉብታው አርጅቶ ካለቀ ደግሞ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አስቀምጠው እስኪደርቅ ይጠብቁ።

የእኛ አገር ቆላ ነው፤ አቧራውና ላቡ ኪቦርድ ላይ ያድራል። ሺፍት ሲጫኑት የሚጣበቅ ወይም ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ጣትዎን ከመውቀስዎ በፊት ኪቦርዱን ነቅለው፣ ገልብጠው በብሩሽ ያራግፉት። ልምምዱንም ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሱቅ ሳይከፈት በጠዋት ያድርጉት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

አናባቢዎቹ የት ናቸው?

በአማርኛ ታይፕ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው አናባቢ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሳድስና እንደ አ ካሉ ጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ምት ነው፦ ተነባቢው፣ ከዚያ አናባቢው። እዚህ የምጠቅሰው እንደ ኪይማን ባሉ በድምፅ በሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች የተለመደውን አቀማመጥ ነው። ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የሚጠቀሙ ከፕሮግራሙ የፊደል ገበታ ጋር ያስተያዩት፤ ቁልፉ ቢለያይም የጣቱ ጉዳይ ያው ነው።

ለ የምትመጣው በኢ ነው፤ የግራ መሃል ጣት። ላ በኤ ነው፤ የግራ ትንሽ ጣት። ሉ በዩ፣ የቀኝ አመልካች፤ ሊ በአይ፣ የቀኝ መሃል፤ ሎ በኦ፣ የቀኝ የቀለበት ጣት። ሌ ትልቁ ኢ ነው፤ ማለትም ሺፍትና ኢ። ል ምንም አናባቢ አይፈልግም።

አሁን የታረመውን ወረቀትዎን ያውጡና ቀዩን ይመልከቱ። ቱ ያልነው ቲ፣ ቲ ያልነው ቶ እየሆነ ከመጣ ቀኝ እጅዎ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፤ ዩ፣ አይ እና ኦ ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸውና። ለ ያልነው «ልር»፣ ላ ያልነው «ልስ» ከሆነ ደግሞ የሸሸው ግራ እጅ ነው። ይህ ዓይነቱ ስህተት የሚመጣው ሩቅ ቁልፍ ከመቱ ወይም ማውዝ ከነኩ በኋላ ነው። መድኃኒቱም ያለው እዚያው ነው፤ ከማውዝ በተመለሱ ቁጥር መጀመሪያ ሁለቱን ጉብታዎች ይዳስሱ፤ ከዚያ ይጻፉ።

ለ እና ላ የሚቀያየሩብዎ ከሆነ ግን እጁ አልሸሸም፤ ትንሿ ጣት ደካማ ስለሆነች መሃል ጣት ሥራዋን እየነጠቀቻት ነው። ለዚህ «ለላ፣ መማ፣ ነና፣ ከካ» እያሉ በዝግታ አንድ ገጽ ይሙሉ።

ስለ ግራ እጅ ድካም አንድ ነገር ልጨምር። «አሰበ ተፈሪ» ብለው ይጻፉ። አሥራ አንድ ምት ነው፤ ከመጨረሻዋ አይ በቀር አሥሩም የግራ እጅ ናቸው፤ ከአሥሩ አራቱን ያቺው የግራ መሃል ጣት ትመታለች። ግዕዝ የሚበዛበት ቃል ሁሉ እንዲህ ግራውን ይጭነዋል። እንግሊዝኛ ያስተማረን የልምምድ ጽሑፍ ይህን ሸክም አያውቀውም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ሰው አማርኛ ሲጽፍ ግራ እጁ ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ይሳሳታል። በየግማሽ ሰዓቱ እጅዎን ከኪቦርዱ አንስተው ያፍታቱት።

ሺፍት የማዶው እጅ ሥራ ነው

መጥፎ ልማዶችን በክብደታቸው ደርድር ብባል ከላይ የማስቀምጠው ይህን ነው፤ ሺፍትን ሁልጊዜ በግራ ትንሽ ጣት መጫን። እንግሊዝኛ ሲጻፍ ሺፍት የሚያስፈልገው ዓረፍተ ነገር ሲጀመርና ስም ሲመጣ ነው፤ ጉዳቱ ብዙም አይታይም። በአማርኛ ግን ሺፍት ፊደል ይለውጣል። ት ጥ የሚሆነው፣ ች ጭ የሚሆነው፣ ስ ጽ የሚሆነው፣ ን ኝ የሚሆነው በሺፍት ነው። ፋጡማ ያለ ሺፍት ፋቱማ ናት።

ደንቡ አጭር ነው፤ ፊደሉን የሚመታው እጅና ሺፍትን የሚጫነው እጅ አንድ አይሁን። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ዠ የግራ እጅ ቁልፎች ናቸው፤ ሺፍታቸው የቀኙ ነው። ኘ፣ ጰ፣ ሐ እና ኸ የቀኝ እጅ ናቸው፤ ሺፍታቸው የግራው ነው። ሌ እና ሜ ላይም እንዲሁ፤ ኢ የግራ ስለሆነች ሺፍቱ የቀኝ ነው።

በቅርብ እንየው። «ጭሮ» ለማለት የቀኝ ትንሽ ጣት የቀኙን ሺፍት ይዛ ትጠብቃለች፤ የግራ መሃል ጣት ከቤቷ ወርዳ ሲን ትመታለች፤ ሲ ከተመታች በኋላ ሺፍት ይለቀቃል። ሦስቱ ነገሮች ተራ አላቸው፦ ያዝ፣ ምታ፣ ልቀቅ። ቸኩለው ሲን ቀድመው ከመቱ «ችሮ» ይወጣል። ለመልቀቅ ከዘገዩ ደግሞ ተከታዩ ፊደል በሺፍት ይመታና ሌላ ነገር ይሆናል። አሁን ያንኑ በግራ ሺፍት ይሞክሩት፤ ትንሿ ጣት ወደ ሺፍት ወርዳ መላው የግራ እጅ ይጣመማል፤ ሲን የምትፈልገው መሃል ጣት ቤቷን ለቃለች። ጫልቱን ቻልቱ የምታደርግ ቅጽበት እንዲህች ያለችም ናት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀኝ ትንሽ ጣት አልታዘዝ ትላለች። ልማዱን ለማስገደድ የግራውን ሺፍት ለአንድ ሳምንት በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት። ኘ እና ሐ ሲመጡ ፕላስተሩን ይጫኑ፤ ለጠ እና ለጨ ሲሄዱበት ግን የወረቀቱ ሻካራነት ጣትዎን ያስጠነቅቃታል። ካፕስ ሎክን በሺፍት ፈንታ የሚጠቀሙ ካሉ ደግሞ ዛሬ ይተዉት፤ ማጥፋቱ የተረሳ ካፕስ ሎክ አንድን አንቀጽ በሙሉ ያበላሻል።

ሁለት ቋንቋ፣ አንድ እጅ

ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ጠዋት በአፋን ኦሮሞ፣ ከሰዓት በአማርኛ ይጽፋል፤ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ይለዋውጣል። ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በ1984 ዓ.ም. የመንግሥት ጽሕፈት ከሆነ ወዲህ ያደገ እጅ ሁለቱንም ማወቁ ሀብት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቁልፍ በሁለቱ ቋንቋ ሁለት ድምፅ አለው፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው።

በቁቤ ሲ ብቻዋን ጭ ናት፤ ችን ለመጻፍ ሲና ኤች ይጣመራሉ። በአማርኛው ሲ ብቻዋን ች ናት። በቁቤ ኤክስ ጥ ነው፤ በአማርኛው ሽ ነው። በቁቤ ኝ የሚጻፈው በኤንና በዋይ ነው፤ ያንኑ እጅ ወደ አማርኛ ይዘው ከመጡ «ኛ» የነበረው «ንያ» ይሆናል። ጣሂርን ሻሂር የሚያደርገው ይህ ነው። እኔም ያን ቀን ጠዋት በቁቤ ስጽፍ ነበር የዋልኩት፤ ጣቴ ጫልቱን ጽፋ ነበር፣ ግን በቁቤ።

ከአማርኛ ወደ ቁቤ ሲመለሱ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ነው፤ አናባቢ ይዋጣል። በአማርኛ አንድ ጊዜ መምታት የለመደ ጣት የሚረዝመውን አናባቢ መድገም ይረሳል። «መሬት» ማለት የሆነው የአፋን ኦሮሞ ቃል አናባቢዎቹ አጭር ናቸው፤ ሁለቱም ቢደገሙ «ልል፣ ለስላሳ» ይሆናል። የሚደገመውን ቁልፍ ያቺው ጣት ሁለት ጊዜ ትምታው፤ ተጭኖ መያዝ አይሆንም፤ ሦስትና አራት ያደርገዋል። ሁድሃ የምትባለዋን የአፖስትሮፍ ምልክት ደግሞ በቀኝ ትንሽ ጣት ይልመዷት፤ የሚኤሶ ስም ራሱ በቁቤ ሲጻፍ ይፈልጋታል።

መላው ይህ ነው። ቋንቋ በቀየሩ ቁጥር፣ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የሙከራ ቃል ይጻፉ። ለአማርኛ የእኔ ቃል «ጭሮ» ነው። ጭሮ ሆኖ ከወጣ ኪቦርዱም እጄም አማርኛ ላይ ናቸው። «ችሮ» ከወጣ ኪቦርዱ ተቀይሯል፣ እጄ ግን ገና ቁቤ ላይ ነው፤ ቃሉን አምስት ጊዜ በዝግታ ደግሜ እቀጥላለሁ። ሁለት ሰከንድ የምትፈጅ ነገር ናት፤ ከብዙ ስህተት አድናኛለች።

ዓይን ወረቀቱ ላይ

እጅን እያዩ መጻፍ የሚያመጣው ጉዳት ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የባሰው ጉዳት ግን መስመር መዝለል ነው። ዓይን ከወረቀት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ስክሪን፣ ከስክሪን ተመልሶ ወደ ወረቀት ሲሄድ የተወበትን ቦታ ይስታል፤ በተለይ ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲጀምሩ። ፍራንክ መጉሪን የተባለ አሜሪካዊ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በ1888 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገ ውድድር ቁልፍ እያየ የሚጽፈውን ባላጋራውን ያሸነፈው ዓይኑን ከሚገለብጠው ወረቀት ላይ ስላላነሳ ነው። ገበታውን በቃሉ ይዞት፣ በሁሉም ጣቶቹ ይጽፍ ነበር።

ፎጣው እዚህ ላይ ይሠራል። በጠዋቱ ሃያ ደቂቃ እጅዎ ይሸፈን። ቁልፍ ከጠፋብዎ ጉብታውን ዳሰው በሐሳብ ይፈልጉት እንጂ ፎጣውን አያንሱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፍጥነትዎ ይወርዳል፤ ይህ የማይቀር ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ደግሞ ሁሉንም ልማድ በአንድ ጊዜ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ለሳምንቱ አንድ ደንብ ብቻ ይያዙ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጉብታ መዳሰስ፣ ሁለተኛውን የማዶ ሺፍት፣ ሦስተኛውን የሙከራ ቃል። የቀረውን ለጠዋት ይተዉት።

ባክስፔስን በተመለከተ፣ ቁልፉን ተጭኖ ይዞ ግማሽ መስመር ማጥፋት ይቅር። ስህተቱን ሲያዩ ቆም ይበሉ፤ ቃሉን እስከ መጀመሪያው ያጥፉት፤ በግማሽ ፍጥነት ሙሉውን ይጻፉት። አናባቢዋ ብቻ ብትሳሳትም በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ባክስፔስ ፊደሉን በሙሉ ስለሚወስደው ተነባቢውንም አብረው መምታት አለብዎት። ይህን የሚረሱ «ላሙ» ያሉትን ሲያርሙ «ኡ» ብቻዋን ትቀርባቸዋለች።

አንዲት ትንሽ ደብተር ከኪቦርዱ አጠገብ ትኑር። ሦስት ዓምድ ይሥሩባት፤ የፈለጉት፣ የወጣው፣ የሠራችው ጣት። «ጣሂር፣ ሻሂር፣ የግራ የቀለበት ጣት።» በሳምንቱ መጨረሻ የትኛዋ ጣት እንደበዛች ይቁጠሩ፤ የሚቀጥለው ሳምንት የጠዋት ልምምድ ለእሷ ይሁን። አስቀድመው የተዘጋጁ ልምምዶች ይህን አያውቁልዎትም።

አራት ነጥብና ስም

ሁለት ነገር ከጣት ውጪ ቀርቶኛል። አንደኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስለዋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሁለት ነጥብ 1361፣ አራት ነጥብ ደግሞ 1362 የሚል የየራሳቸው መለያ ተሰጥቷቸዋል። የተለጣጠፈ አራት ነጥብ መስመር ሲያልቅ ለሁለት ሊሰበር፣ ግማሹ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ፈልግ ሲሉትም አይገኝም። ፕሮግራምዎ እውነተኛዋን በየትኛው ቁልፍ እንደሚሰጥ አንድ ጊዜ ገበታውን አይተው ይልመዱ።

ሁለተኛው ስም ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በንግግር አንድ ናቸው፤ በመዝገብ ግን ይለያያሉ። መታወቂያው «መሐመድ» ካለ «መሀመድ» ብለው አያቅሉት፤ የቀለለውን ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ስምን ከአፍ ሰምተው ሳይሆን ከመታወቂያው ላይ እያዩ፣ ፊደል በፊደል ይጻፉ። ከማተምዎ በፊት ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ ያዙሩለት። ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አባት ከሆኑ «እማማ፣ ስምዎን እንዲህ ጽፌዋለሁ» ብለው ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ቻልቱ ስትሉ ጫልቱ ብለው ያርሟችኋል።

ለነገ ጠዋት የሚሆን ልምምድ ከሰፈራችን ስሞች ሠርቻለሁ፦ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ ጭሮ፣ ገመቺስ፣ ጉባ ቆሪቻ፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ሂርና፣ አሰበ ተፈሪ። ጭሮ ላይ ሺፍት አለ፣ ገመቺስ ላይ የለም፤ ቆሪቻ የግራ ትንሽ ጣትን ወደ ላይ፣ መሃል ጣትን ወደ ታች ይልካል። ዝርዝሩን አሥር ጊዜ በዝግታ፣ እጅዎ በፎጣው እንደተሸፈነ ይጻፉት። አንድ ስም ከተበላሸ ያን ስም ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩን ከሚኤሶ ይጀምሩ።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ያስቀመጡትን ቀይ የበዛበትን ወረቀት ያውጡ። ያንኑ ገጽ፣ ያንኑ አምስት ደቂቃ፣ ባክስፔስ ሳይነኩ ደግመው ይጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ቀዩ አሁንም ያለበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ያን ስህተት የሠራችውን ጣት ከደብተሩ አዲስ ገጽ አናት ላይ ይመዝግቧት።